ስለ ሾተላይ፤ ስለ ደም ምርመራና ስለ ባል ዝምታ

በዚህ ዓምድ እስከ ዛሬ የጻፍነው ስለ ሕፃናት አመጋገብ፤ ስለ ውኃ ንጽሕናና ስለ ቤት አያያዝ ስለ ነበረ፤ ዛሬ የምናነሣው ነገር ለቤተ ሰብ ገጽ የማይገባ መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን ከቤተ ሰብ የወጣ አይደለም፤ እንዲያውም ከባልና ከሚስት መኝታ ተነሥቶ እስከ ሕፃኑ አልጋ ድረስ የሚደርስ ነው። ይኸውም የአባለ ዘር በሽታዎች፤ ከእነርሱም ይልቁን ቂጥኝ፤ በእርጉዝ ሴትና በጽንሷ ላይ የሚያደርሱት ጉዳትና የሚታከሙበት መንገድ ነው። ስሙን በይፋ መጥራት ነውር ሆኖ ስለ ቆየ፤ በሽታው በኀፍረት ተሸሽጎ ብዙ ቤት አፍርሷል፤ ስለዚህ እኛ ስሙን በስሙ እየጠራን እንጽፋለን።

በአገራችን አንዲት ሴት ሁለት ሦስት ጊዜ አርግዛ ልጁ ሞቶ ሲወለድ፤ ወይም ተወልዶ ሳይሰነብት ሲቀር፤ «ሾተላይ አለባት» ይባላል። ጎረቤት ይህን ቃል ከተናገረ በኋላ ሌላ ምክንያት የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው። የዛሬ ሐኪሞች ሾተላይ የሚለውን ስም የሚሰጡት የእናቲቱ ደም አር ኤች ኔጋቲቭ፤ የልጁ ደም ደግሞ አር ኤች ፖዚቲቭ ሆኖ ሳይስማማ ሲቀር ለሚመጣው ሕመም ነው፤ ለዚህም በጊዜው የሚሰጥ የመከላከያ መርፌ አለው። ነገር ግን ልጅ በማኅፀን የሚሞትበት ምክንያት ይህ ብቻ አይደለም። ከምክንያቶቹ አንዱ ቂጥኝ ነው፤ ይህም በአንዲት ጠብታ ደም የሚታወቅና በመርፌ የሚድን ሆኖ ሳለ፤ ሳይመረመር «ሾተላይ ነው» ተብሎ የሚቀርበት ቤት አለ።

በሥራዬ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንሁ፤ የባልና የሚስት ሙግት ያለባቸው ማመልከቻዎች በየጊዜው በእጄ ያልፋሉ። ባል ሚስቱን ለመፍታት ከሚያቀርባቸው ምክንያቶች መካከል «ልጅ አይበረክትላትም» የሚል ቃል ደጋግሜ አንብቤአለሁ። «ልጅ አይበረክትልንም» ተብሎ የተጻፈ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ልዩነቱ የአንድ ሁለት ፊደል ነው፤ ጥፋቱን ግን በአንዲት ሴት ላይ ብቻ ይጭነዋል።

አባቶቻችን ቂጥኝን ያውቁት ነበር፤ መድኃኒትም ይፈልጉለት ነበር። ሕመምተኛው ከሰው ተለይቶ በቤት ተዘግቶ፤ ምግቡ ተመጥኖ፤ መድኃኒት እየጠጣ የሚሰነብትበት ሥርዓት ወሸባ ይባል ነበር፤ ይህም ቃል በ2020 የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ እንደ ገና በሰው አፍ ሲነገር ሰምተናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአውሮፓም አራት መቶ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ሕመምተኛውን በባዜቃ ይቀቡትና በባዜቃ ጢስ ያጥኑት ነበር፤ ባዜቃውም መርዝ ስለ ሆነ አፉን ያቆስለው፤ ጥርሱንም ያረግፈው ነበር። የበሽታው ሥር የታወቀው በ1905 ነው፤ ፍሪትዝ ሻውዲንና ኤሪክ ሆፍማን የተባሉ ሊቃውንት በበርሊን ከተማ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ቀጭን ተውሳክ በአጉሊ መነጽር አዩ፤ ስሙም ትሬፖኔማ ፓሊደም ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት በ1906 ኦጉስት ዋሰርማን ከጓደኞቹ ጋራ በሽታው በደም ምርመራ የሚታወቅበትን ዘዴ አወጣ። ፓውል ኤርሊኽና ጃፓናዊው ሳሃቺሮ ሃታ ያገኙት ሳልቫርሳን የተባለው መድኃኒት በ1910 ለገበያ ወጣ፤ እርሱም ከአርሴኒክ የተሠራ ስለ ነበረ ለመውሰድ ከባድ ነበር። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ያገኘው ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን የተረጋገጠው በ1943 ሲሆን፤ ጆን ማሆኒ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በኒውዮርክ መጀመሪያ 4 ሕመምተኞችን በእርሱ አከመ። ከዚያ ወዲህ ከሰማንያ ዓመት በላይ አልፏል፤ ተውሳኩም እንደ ሌሎች ብዙ ተውሳኮች ፔኒሲሊንን ለመቋቋም አልተማረም። ይህ ከእግዚአብሔር ቸርነት የሚቆጠር ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ለእርጉዝ ሴት ቂጥኝ ከፔኒሲሊን በቀር ሌላ የታመነ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አሁን በሽታው በእርጉዝ ሴት ላይ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ቂጥኝ የያዘው ሰው፤ ወንድም ሆነ ሴት፤ ከተያዘ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ተውሳኩ በገባበት ስፍራ አንዲት ቁስል ታወጣበታለች፤ ቁስሊቱም አታምም። በወንድ አካል ላይ ብትሆን ትታያለች፤ በሴት ግን ወደ ውስጥ ስለምትሆን ባለቤቲቱ ሳታውቃት ትቀራለች። ያለ መድኃኒትም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራሷ ትደርቃለች፤ የዳነ የሚመስለውም ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ በሰውነት፤ በእጅ መዳፍና በእግር ውስጥ ሽፍታ ይወጣል፤ እርሱም ይጠፋል። ቀጥሎ በሽታው ለዓመታት በደም ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፤ ሰውየውም ይበላል፤ ይሠራል፤ ጤነኛ ይመስላል።

ተኝቶ የቆየው በሽታ ግን ሴቲቱ ባረገዘች ጊዜ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ወደ ጽንሱ ይደርሳል። በበሽታው የተያዘችበት ጊዜ ቅርብ ሲሆን ወደ ልጁ የሚያልፍበት ኃይል ብርቱ ነው፤ ዓመታት ባለፉ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ይሁን እንጂ ቶሎ አይጠፋም። ስለዚህ ያልታከመች ሴት የመጀመሪያው ልጇ ሞቶ ሊወለድ፤ ሁለተኛው ያለ ጊዜው ሊወለድና ሊሞት፤ ሦስተኛው ታሞ ሊያድግ ይችላል፤ ይህን ቅደም ተከተል ያየ ሰው ሾተላይ ለቀቃት ይላል። ያልታከመ ቂጥኝ ካለባቸው እርጉዞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዲህ ያለ መከራ እንደሚደርስባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ጽፏል። ይኸው ድርጅት ለ2022 ባወጣው ግምት በዓለም ሁሉ 700,000 የሚያህሉ ሕፃናት ቂጥኝ ከእናታቸው ማኅፀን ተላልፎባቸዋል፤ ከእነዚህም 150,000 ያህሉ በማኅፀን ሞተዋል፤ 70,000 ያህሉ ከተወለዱ በኋላ በጨቅላነታቸው ሞተዋል።

ይህ የድኻ አገር በሽታ ነው የሚል ቢኖር፤ የአሜሪካን መንግሥት መዝገብ ይመልከት። በዚያ አገር ከማኅፀን ቂጥኝ ይዘው የተወለዱ ሕፃናት በ2012 335 ነበሩ፤ በ2022 ግን ቁጥራቸው ከ3,700 በላይ ሆነ። የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤትም ከ10 ሕፃናት 9 ያህሉ እናታቸው በጊዜዋ ተመርምራና ታክማ ብትሆን ኖሮ ይድኑ ነበር ብሎ አስታወቀ። በዚህ አንጻር ደግሞ ኩባ፤ ሀብቷ ከአሜሪካ ጋራ የማይወዳደር ደሴት ስትሆን፤ ኤች አይ ቪና ቂጥኝ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፉ በማድረግ በ2015 በዓለም ጤና ድርጅት ዘንድ የመጀመሪያውን የምስክር ወረቀት ተቀበለች። ከዚህ የምንረዳው፤ ነገሩ የገንዘብ ብዛት ሳይሆን እርጉዝን ሁሉ በጊዜዋ መርምሮ በጊዜዋ የማከም ሥርዓት መሆኑን ነው።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ሰውን እንዲንቀው አድርጎታል። እርጉዝ ሴት በሽታው ከያዛት ብዙ ያልቆየ መሆኑ ከታወቀ፤ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባለውን 2,400,000 ዩኒት አንድ ጊዜ በመቀመጫዋ ላይ በጡንቻ ትወጋለች። ከያዛት ብዙ የቆየ ከሆነ፤ ወይም መቼ እንደያዛት የማይታወቅ ከሆነ፤ ይህንኑ መጠን በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ ትወጋለች። ብዙዎቹ ሴቶች መቼ እንደያዛቸው ስለማያውቁ ሦስቱን መርፌ መውሰድ ይገባቸዋል። መርፌው ያማል፤ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። በመካከል አንዱን ሳምንት የዘለለች ሴት ግን ሐኪሙ እንደ ገና ከመጀመሪያው ሊያስጀምራት ይችላል፤ ስለዚህ በዓል ነው፤ እንግዳ አለብኝ፤ ለቅሶ ደርሶብኛል ብላ ቀኑን ማሳለፍ አይገባትም፤ የቤቱም ሰዎች ሊያሳልፉባት አይገባም። መድኃኒቱ ለልጁ በቂ እንዲሆን ሕክምናው ከወሊድ በፊት ቢያንስ 30 ቀን ቀደም ብሎ መጀመር አለበት፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ማርገዟን ባወቀች ጊዜ ወዲያው ነው። ሆዷ እስኪገፋ፤ ለሰው እስኪታይ ድረስ ወደ ሐኪም አለመሄድ በብዙ ቤት የጨዋ ልማድ ሆኖ ይኖራል። ይህ ልማድ ለልጁ የተሰጠውን ጊዜ የሚበላ ነው።

መርፌውን በወሰደች በመጀመሪያው ቀን ትኩሳት፤ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ሊይዛት ይችላል፤ ይህም ተውሳኩ በብዛት ሲሞት የሚመጣ ነው እንጂ መድኃኒቱ ስላልተስማማት አይደለም። ምናልባት ሆዷን ቢቆርጣት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ቢያንስባት ወደ ጤና ጣቢያው ፈጥና ትመለስ፤ ሕክምናውን ግን አታቋርጥ። ፔኒሲሊን በእውነት የማይስማማት ሴት ብትኖር፤ ለሐኪሟ አስቀድማ መናገር አለባት፤ ነገር ግን «አይስማማኝም» ብላ በክኒን እንድትለወጥላት አትለምን። ኤሪትሮማይሲንና አዚትሮማይሲን የሚባሉት መድኃኒቶች በእንግዴ ልጅ በኩል በሚበቃ መጠን አያልፉም፤ ስለዚህ እናቲቱ የተሻላት ስትመስል ልጁ ሳይታከም ይቀራል። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ለእርጉዝ ሴት አይሰጥም። እንዲህ ያለችውን ሴት በሆስፒታል አስተኝተው፤ ፔኒሲሊኑን ከጥቂት እየጀመሩ ሰውነቷን አለማምደው ያክሟታል። ጠበል የምትጠመቅ ትጠመቅ፤ ለጠበሉ ስትል ግን የመርፌውን ቀን አታስተላልፍ።

ከዚህ የሚቀጥለው ነገር ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ነው። መድኃኒቱ ታውቆ ሳለ፤ ምርመራውም በእርግዝና ክትትል ውስጥ ገብቶ ሳለ፤ ልጅ እንዲሞት የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የባል ዝምታ ነው። ይህም ያልተማረው ሰው ዝምታ ብቻ አይደለም፤ ማንበብ መጻፍ የምናውቅ፤ ቢሮ ያለን፤ ሰው የሚያከብረን ወንዶች በዚህ ነገር ከሌላው እንብሳለን። ስማችን እንዳይነሣ ከመኖሪያችን ርቀን፤ ከማያውቀን ሐኪም ዘንድ ገብተን፤ መርፌውን በስውር ተወግተን፤ ወደ ቤታችን ተመልሰን እንደ ወትሮው እራታችንን እንበላለን። ሚስታችን ግን አልተወጋችም፤ በማኅፀኗም ልጅ አለ።

እንዲህ ያለ አንድ ነገር በችሎት ስመዘግብ ሰምቼአለሁ፤ የማንም ስም እንዳይታወቅ ቦታውንና ጊዜውን ትቼ ፍሬ ነገሩን ብቻ እጽፋለሁ። ባል ሚስቱ ሁለት ልጆች ሞተው ስለ ተወለዱባት ልፍታት ብሎ አመለከተ። ሴቲቱ በሁለተኛው እርግዝና የተመረመረችበትን ወረቀት አቀረበች፤ በደሟ ቂጥኝ ተገኝቶባት ዘግይታ መታከም የጀመረች መሆኗን ወረቀቱ ያሳያል። ዳኛውም ባልን «አንተስ ታክመህ ታውቃለህን» ብለው በጠየቁት ጊዜ፤ ጥቂት ዝም ብሎ፤ ከተጋቡ በኋላ፤ የመጀመሪያው ልጅ ከመፀነሱ በፊት መርፌ መወጋቱን ተናገረ። «ለምን አልነገርሃትም» ሲባል «እንዳታዝን ብዬ ነው» አለ። እኔም ቃሉን እንደ ተናገረው ጻፍሁት፤ በፍርድ ቤት ከጻፍኋቸው ቃሎች ሁሉ እንደዚያ ቃል እጄን የከበደኝ ጥቂት ነው።

የታከመ ባል ለሚስቱ የሚነግራት ረዥም ንግግር አይደለም። «እኔ ታምሜ ታክሜአለሁ፤ ሐኪሙም አንቺ ሳትታከሚ የእኔ መታከም ዋጋ የለውም ብሎኛል፤ ስለ ልጃችን ስንል ነገ ጠዋት አብረን እንሂድ» ቢላት ይበቃል። ትቈጣ ይሆናል፤ ታለቅስም ይሆናል። ይህ ቁጣ የሚያልፍ ነው፤ የሞተ ልጅ ግን አይመለስም። ሚስቲቱም በምርመራ የተገኘባት ከሆነ እንዲሁ ባሏን ትጥራ፤ አዋላጂቱም ወይም ሐኪሙ ባልን በክብር ጠርተው እንዲያነጋግሩት ልትለምን ትችላለች። ባል ሳይታከም ሚስት ብቻ ብትታከም፤ በሽታው በመኝታ ተመልሶ ይይዛታል፤ ያን ጊዜም የወሰደችው ሦስት መርፌ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ባል፤ ባለፉት ሦስት ወራት ከእርሷ ጋራ ግንኙነት አድርጎ ከሆነ፤ የእርሱ ደም ንጹሕ ነው ቢባል እንኳ መታከም ይገባዋል፤ በሽታው ገና በደም ሳይገለጥ ሊኖር ይችላልና። ሁለቱም ታክመው እስኪጨርሱና ሐኪሙ እስኪፈቅድላቸው ድረስ ከመኝታ ይከልከሉ።

ባልና ሚስት በዚህ ነገር የሚጣሉት የምርመራውን ወረቀት እንደ ምስክር ቃል አድርገው ስለሚያነቡት ነው። እኔ በየቀኑ ከሰነድ ጋራ ስለምኖር፤ ይህ ሰነድ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ለይቼ ልጻፍ። የደም ምርመራው በሽታው በደም አለ ይላል እንጂ፤ ማን አመጣው፤ መቼ መጣ አይልም። ቂጥኝ ለዓመታት ተኝቶ የሚኖር ስለ ሆነ፤ ዛሬ የተገኘው በሽታ ከጋብቻ በፊት የገባ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የተመረመረው ሰው መጀመሪያ የተያዘው ነው ማለትም አይደለም፤ ሴቲቱ መጀመሪያ የተመረመረችው ስላረገዘች ብቻ ነው።

ደግሞም ምርመራው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰውነት ተውሳኩን ለመዋጋት ያዘጋጀውን የደም ኃይል የሚያይ ሲሆን፤ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ በጥቂት ደቂቃ የሚታወቀው ፈጣን ምርመራ ከዚህ ወገን ነው፤ ከኤች አይ ቪ ምርመራ ጋራ በአንድነት የሚደረግም አለ። ይህ ምርመራ ሰውየው ከዳነ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውን ሁሉ «አለ» ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያው እርግዝና ታክማ የዳነች ሴት በሁለተኛው እርግዝና በዚህ ምርመራ «አለ» ብትባል፤ አዲስ በደል ሠራች ማለት አይደለም። ሁለተኛው አር ፒ አር የሚባለው ነው፤ ይህ በቁጥር ይጻፋል፤ በሕክምናም እየወረደ ይሄዳል። ለምሳሌ 1 ለ 32 የነበረው ወደ 1 ለ 8 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ሕክምናው ሠርቷል ይባላል። ነገር ግን አር ፒ አር ብቻውን ሲደረግ፤ እርግዝና ራሱና አንዳንድ ሌሎች ሕመሞች ያለ ቂጥኝ «አለ» ሊያስብሉት ይችላሉ። ሁለቱ ምርመራዎች ሳይመሳከሩ በአንዱ ወረቀት ብቻ ተነሥቶ ሚስትን ወይም ባልን መክሰስ፤ አንድ ምስክር ሰምቶ እንደ መፍረድ ነው። ይሁን እንጂ ማመሳከሩ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ እርጉዟ መርፌውን አትጠብቅ፤ ሳያስፈልግ የተወሰደ ፔኒሲሊን ከሚያደርሰው ጉዳት፤ አስፈልጎ ሳለ የቀረው የሚያደርሰው እጅግ ይበልጣልና።

ስለ ቂጥኝ ይህን ያህል ከጻፍን፤ ስለ ሌሎቹ በአጭሩ እንናገር። ጨብጥ በወንድ ላይ መግልና የሽንት ቃጠሎ ስለሚያመጣ ቶሎ ይታወቃል፤ በሴት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ክላሚዲያ የሚባለው ደግሞ በሁለቱም ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ የሚኖር ነው። እነዚህ ሁለቱ እንደ ቂጥኝ በእንግዴ ልጅ በኩል አያልፉም፤ ያለ ጊዜው ምጥ እንዲመጣ ያደርጋሉ፤ ልጁም ሲወለድ በመውጫው መንገድ ዓይኑን ይይዙታል። የጨብጥ ዓይን ሕመም ከተወለደ ከ2 እስከ 5 ቀን ውስጥ ዓይኑን አሳብጦ መግል ያፈሳል፤ ካልታከመም ፈጥኖ ያሳውራል። የክላሚዲያው ከ5 እስከ 12 ቀን ይመጣል፤ ከዚያም በኋላ ከ1 እስከ 3 ወር ሲሆነው ሳል ያለበት የሳንባ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። በላይፕሲሽ ከተማ የነበረው ካርል ክሬዴ የተባለ ሐኪም ከ1880 ጀምሮ ለተወለደ ሕፃን ሁሉ በዓይኑ የብር ጨው ጠብታ እያደረገ፤ ከ100 ሕፃናት 10 ያህሉን ይይዝ የነበረውን ሕመም ከ100 ከአንድ በታች አወረደው። ዛሬ በዚያ ፈንታ የቴትራሳይክሊን ወይም የኤሪትሮማይሲን የዓይን ቅባት ይደረጋል፤ አንዳንድ አያቶች የሕፃኑን ዓይን በቅባት አታስነኩ ሲሉ ብንሰማ በአክብሮት እናስረዳቸው።

እርጉዝ ሴት ጨብጥ ሲይዛት ሴፍትሪአክሶን በመርፌ ይሰጣታል። ለክላሚዲያ 1 ግራም አዚትሮማይሲን በአንድ ጊዜ ትውጣለች፤ ይህ ካልተቻለ አሞክሲሲሊን ለ7 ቀን ይሰጣታል። ክላሚዲያ የታከመች እርጉዝ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ እንደ ገና ብትመረመር መልካም ነው፤ ባሏም እንደ ቂጥኙ ሁሉ አብሮ መታከም አለበት። ከመድኃኒት መሸጫ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒን ገዝቶ መዋጥ በዚህ ስፍራ እጅግ ክፉ ነው፤ ጨብጥ ብዙዎቹን የቀድሞ መድኃኒቶች ለመቋቋም ተምሯልና፤ ወንዱ የተረፈውን ክኒን ለሚስቱ ማካፈሉም ሁለቱን በከፊል ከማከም በቀር ጥቅም የለውም።

ወደ ሕፃኑ እንመለስ። ከማኅፀን ቂጥኝ ይዞ የተወለደ ልጅ በተወለደበት ቀን ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ምልክቱ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይታያል። አፍንጫው ሳያቋርጥ ይፈሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ደም ይቀላቅላል፤ የመዳፉና የውስጥ እግሩ ቆዳ ይላጣል፤ ጉበቱ ያብጣል፤ አጥንቱንም ስለሚያመው አንዱን እጁን ወይም እግሩን ሳያንቀሳቅስ ይቀራል፤ ቤተ ሰቡም ሲያነሡት ወለም አለው ብለው ወጌሻ ይጠሩለታል። ሳይታከም ያደገ እንደ ሆነ ዓይኑን ያደበዝዘዋል፤ ጆሮውን ያደነቍረዋል፤ ቋሚ ጥርሶቹም ጫፋቸው የተሸረፈ ሆነው ይወጣሉ። ምልክት የታየበት ሕፃን ፔኒሲሊን በየቀኑ እስከ 10 ቀን በሐኪም ቤት ይወስዳል። እናቲቱ በጡቷ ላይ የቂጥኝ ቁስል ከሌለባት ልጇን ታጠባለች፤ በሽታው በወተት አይተላለፍምና ልጁን ከጡቷ መለየት አያስፈልግም።

እናቱ በጊዜዋ ታክማ በጤና የተወለደ ልጅም ቢሆን መከታተል ያስፈልገዋል። የእናቱ የደም ኃይል በማኅፀን ሳለ ወደ እርሱ ስለሚያልፍ፤ አር ፒ አሩ ሲወለድ «አለ» ሊል ይችላል፤ ይህም ታሟል ማለት አይደለም። ስለዚህ በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ ደሙ ይመረመራል፤ ቁጥሩ እየወረደ ሄዶ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ሲሆነው ይጠፋል፤ ካልወረደ ወይም ከወጣ ልጁ ይታከማል። ክርስትና ከተነሣ ወይም ሰውነቱ ከወፈረ በኋላ እናቲቱ ይህን ቀጠሮ መተው አይገባትም። የእናቲቱ መርፌ በየትኛው ቀን፤ በምን ያህል መጠን፤ ስንት ጊዜ እንደ ተሰጠ፤ የባልም እንዲሁ፤ በወረቀት ተጽፎና ማኅተም ተደርጎበት መቀመጥ አለበት፤ በሚቀጥለው እርግዝና ሌላ ሐኪም ሲያያት የሚጠይቃት መጀመሪያ ይህንኑ ነውና። ወረቀቱን ከልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ጋራ በአንድ ፖስታ ማኖር ይሻላል።